እሾህን በእሾህ፤ ባክቴሪያን ስለሚገድሉ ቫይረሶች

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት ላይ የቀረበ)



ስለ ሳይንስ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ ሊቀ መንበራችን ጠጋ ብሎ «አደራህን፥ እንቅልፍ እንዳታስወስደን» ብሎኛል። አደራውን ለመጠበቅ ስል ንግግሬን ከላቦራቶሪ አልጀምርም፤ ከአንድ ሐኪም ቤት አልጋ አጠገብ እጀምራለሁ።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ከበቅሎ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወደ ሐኪም ቤት አምጥተነው አጥንቱ በብረት ተጠገነ፤ ቁስሉ ግን መግል ያዘ። ሐኪሞቹ አንድ መድኃኒት ሰጡት፤ አልሆነም። ሁለተኛ ለወጡለት፤ ሦስተኛ ጨመሩለት፤ አሁንም አልሆነም። በመጨረሻ ከቁስሉ መግል ተወስዶ ተመረመረና ውጤቱ በአንዲት ወረቀት ላይ ተጽፎ መጣ። በወረቀቱ ላይ የ11 መድኃኒቶች ስም ተዘርዝሯል፤ በ11ዱም ትይዩ አይሠራም የሚል ምልክት ተደርጓል። አጎቴ ማንበብ አይችልምና «አንተ የተማርከው፥ እስቲ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

በዚህ ነገር ማንንም አልከስም፤ ሐኪሞቹ በእጃቸው ያለውን ሁሉ አድርገዋል። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሰው የሠራው መድኃኒት ያልበገረውን ባክቴሪያ የሚገድል ሌላ ነገር በተፈጥሮ ውስጥ የለምን? ይህን ጥያቄ ይዤ መጻሕፍት ቤት ገባሁ። መልሱ «አለ» የሚል ሆኖ አገኘሁት፤ ደግሞም መልሱ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ የምነግራችሁ የዚህን ነገር ታሪክ፥ አሠራሩንና ለእኛም የሚያስተምረንን ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ የነገሩን ክብደት እንመልከት። ፔኒሲሊን በ1928 ተገኝቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብዛት ከተሠራ ወዲህ፥ ሰው ተላላፊ በሽታን ድል የነሣ መስሎት ነበር። ዳሩ ግን ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፥ መድኃኒቱን በየምክንያቱ በዋጥን ቍጥር፥ ጀምረንም በተውን ቍጥር፥ ደካሞቹ ባክቴሪያዎች እየሞቱ ብርቱዎቹ እየተራቡ ሄዱ። በ2022 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት፥ በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች የተነሣ እንደሞቱ ገምቷል። ከሕዝብ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ሞቱ የበዛው ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል፥ በተለይም በምዕራቡ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሰውን የሚያሳምም ቫይረስ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ባክቴሪያም ራሱ በቫይረስ ይታመማል፤ ይሞታልም። ይህ ባክቴሪያን የሚገድለው ቫይረስ ባክቴሪዮፋጅ ይባላል፤ ትርጉሙ ባክቴሪያ በል ማለት ነው። ባጭሩ ፋጅ እያልን እንጠራዋለን። ከፋጆች አንዱና በደንብ የተጠናው ቲ 4 የሚባለው፥ ራስ፥ ጅራትና እንደ ሸረሪት የቀጠኑ እግሮች አሉት። ትንሽነቱን ለመገመት፥ 5,000 ያህሉ ጫፍ ለጫፍ ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። ፋጅ የማይገኝበት ስፍራ የለም፤ በወንዝ፥ በአፈር፥ በፍሳሽ፥ በሆዳችንም ውስጥ ሞልቷል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ፋጁ በእግሮቹ የባክቴሪያውን ገላ ይዳስሳል። ገላው እርሱ የሚያውቀው ዓይነት ከሆነ ይጣበቅና በራሱ ውስጥ ያለውን የዘር ጽሑፍ ወደ ውስጥ ይሰዳል። ባክቴሪያው ከዚያ ወዲያ የራሱ ጌታ አይደለም፤ የገዛ ጕልበቱ ለፋጁ ልጆች መሥሪያ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ መቶ ወይም ከዚያ በላይ አዳዲስ ፋጆች ይሠሩና ባክቴሪያውን አፈንድተው ይወጣሉ፤ እያንዳንዳቸውም ሌላ ባክቴሪያ ፍለጋ ይሄዳሉ። ባክቴሪያው ሲያልቅ ግን ፋጁም ማደሪያ ያጣና ይጠፋል። በመጠጡት ቍጥር የሚያንስ እንጂ በሰውነት ውስጥ የሚራባ መድኃኒት ከዚህ ሌላ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ጠባይ አለው። ለአንድ ቤት የተሠራ ቁልፍ የጎረቤቱን በር እንደማይከፍት ሁሉ፥ አንድ ፋጅም የሚገድለው የሚያውቀውን ባክቴሪያ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከአንዱ የባክቴሪያ ወገን ጥቂቱን ነገድ ብቻ ነው። የተለመደው መድኃኒት ስንዴውንም እንክርዳዱንም አብሮ ሲያጭድ፥ ፋጅ እንክርዳዱን መርጦ ይነቅላል። ይህ ጠባይ ትልቁ በረከቱ ነው፤ ትልቁም ችግሩ ነው። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይህን ፍጥረት ማን አገኘው? በ1915 ፍሬድሪክ ትዎርት የተባለ እንግሊዛዊ፥ ባክቴሪያን የሚያቀልጥ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ማየቱን ጻፈ፤ ነገር ግን ብዙ አልገፋበትም። በ1917 ደግሞ በፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ዴሬል ያንኑ ነገር ለብቻው አገኘ። ዴሬል የሕክምና ዲግሪ አልነበረውም፤ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ነበር። በደም ተቅማጥ ከታመሙ ወታደሮች የወሰደውን ዐይነ ምድር ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጥለያ አጥልሎ፥ የጠለለውን ውኃ በባክቴሪያው ላይ አፈሰሰው። የደፈረሰው ብርጭቆ ጠራ፤ ባክቴሪያው ቀለጠ። ዴሬልም ይህ መርዝ ሳይሆን የሚራባ ሕያው ጥገኛ ነው ሲል ተናገረ። ባክቴሪዮፋጅ የሚለውን ስም ያወጣለትም እርሱ ነው።

በ1919 በፓሪስ የሕፃናት ሐኪም ቤት አንድ ልጅ በደም ተቅማጥ ታሞ ተኝቶ ነበር። ዴሬል ፋጁን ለልጁ ከመስጠቱ በፊት ራሱና የሐኪም ቤቱ ሐኪሞች ከዚያው ጠጡ። ምንም እንዳልነካቸው ካዩ በኋላ ለልጁ ሰጡት፤ ልጁም ዳነ። ጓደኞቼ፥ የምግብ ቀማሽ በነገሥታት ቤት እንደነበረ ታውቃላችሁ፤ በዚያ ቀን ግን ሊቁ ለታመመው ልጅ ቀማሽ ሆነ። ከዚያም በ1921 በቤልጅግ ሁለት ሐኪሞች የቆዳ እባጭን በፋጅ ማከማቸውን ጻፉ። በ1925 ዴሬል ራሱ በግብጽ፥ ከመርከብ የወረዱ አራት የቸነፈር በሽተኞችን እባጫቸውን በፋጅ ወግቶ መዳናቸውን አስታወቀ። ወዲያው ስሙ በዓለም ተሰማ፤ በ1930ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ፋጅን በብልቃጥ እየሞሉ መሸጥ ጀመሩ።

ይህን ያህል ከተባለለት፥ ታዲያ ለምን ተረሳ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። የጊዜው ሰው ፋጅን ሳይመረምር ነበር የታጠቀው። አንድ ፋጅ የሚገድለው የሚያውቀውን ብቻ መሆኑ ተዘንግቶ፥ ለማይመለከተው በሽታ ሁሉ ተሰጠ። በአንዳንዱ ብልቃጥ ውስጥ እንዳይበላሽ ተብሎ የተጨመረው ኬሚካል ፋጁን ራሱን ገድሎት ነበር። በሽተኞቹን ከሚያነጻጽሩዋቸው ሌሎች በሽተኞች ጋር ያጠኑት ጥቂቶች ነበሩ። በ1934 ኢተንና ቤይን ጆንስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት በጉዳዩ ላይ የተጻፈውን ሰብስበው መረመሩና፥ ማስረጃው የማያስተማምን ነው ሲሉ ፈረዱ። ጥቂት ቆይቶ ፔኒሲሊን መጣ፤ እርሱ ቁልፍ መምረጥ አያሻውም፤ ብዙውን በር በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ምዕራቡም ዓለም ፋጅን ረሳው።

ያልረሳችው ግን አንዲት ትንሽ አገር ነበረች፤ እርሷም ጆርጂያ ናት። በፓሪስ ከዴሬል ጋር የተወዳጀው ጆርጂ ኤሊያቫ በ1923 በትብሊሲ ከተማ የባክቴሪያ ኢንስቲትዩት አቋቁሞ ነበር። ዴሬልም በ1933ና በ1934 ወደዚያ ሄዶ ከወዳጁ ጋር ሠራ። በ1937 ግን በስታሊን ዘመን ኤሊያቫ የሕዝብ ጠላት ተብሎ ተያዘና ተገደለ። ዴሬል ከዚያ በኋላ ወደ ትብሊሲ አልተመለሰም፤ በ1949 በፓሪስ ሞተ። ሰው የገደለው ሊቅ የተከለው ተቋም ግን አልሞተም። በጦርነት ጊዜ ለወታደሮች ቁስል፥ በሰላም ጊዜ ለሕፃናት ተቅማጥ ፋጅ ሲያዘጋጅ ኖረ።

በ1963ና በ1964 በትብሊሲ የተደረገ አንድ ሙከራ ሊነገር ይገባዋል። ከ30 ሺህ በላይ ሕፃናት ገቡበት። በመንገዱ በአንዱ ወገን ላሉት ልጆች የደም ተቅማጥ መከላከያ ፋጅ ሲሰጣቸው፥ በሌላው ወገን ላሉት ፋጅ አልተሰጣቸውም። ፋጅ በወሰዱት ዘንድ በሽታው ከሌሎቹ ወደ ሩብ ዝቅ ብሎ እንደተገኘ ተጽፏል። በ1990ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ፈርሶ መብራት በየጊዜው ሲጠፋ፥ የኢንስቲትዩቱ ሠራተኞች የዘመናት ስብስባቸው እንዳይበላሽባቸው በብዙ ችግር ጠበቁት። ዛሬ ያ ተቋም በኤሊያቫ ስም ይጠራል፤ ከውጭ አገርም በሽተኞች ይሄዱበታል። በፖላንድም በቭሮትስዋፍ ከተማ ያለው ኢንስቲትዩት ይህንኑ ሥራ ሳያቋርጥ ይዞ ቆይቷል።

አሁን ደግሞ የረሱት እንዴት እንዳስታወሱት ልንገራችሁ። በ2015 መጨረሻ ቶም ፓተርሰን የተባለ የካሊፎርኒያ ፕሮፌሰር ከሚስቱ ጋር ግብጽን ሊጎበኝ ሄዶ በጽኑ ታመመ። በሆዱ ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ ለመድኃኒት ሁሉ እምቢ አለ፤ ሰውየው ወደ አሜሪካ ተመልሶ ራሱን ስቶ ተኛ። ሚስቱ ስቴፋኒ ስትራዝዲ የወረርሽኝ በሽታዎች ሊቅ ናትና፥ የቆዩ ጽሑፎችን አገላብጣ ፋጅን አገኘች፤ በየአገሩ ላሉ ተመራማሪዎችም ጻፈች። ከፍሳሽና ከመሳሰለው ቆሻሻ ውስጥ የባሏን ባክቴሪያ የሚገድሉ ፋጆች ተፈልገው ተገኙ። በመጋቢት 2016 ተሰጡት፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ነቃ። ባክቴሪያው የመጀመሪያዎቹን ፋጆች ሲለምዳቸው ሌሎች ተፈልገው ተጨመሩለት። በዚያው ዓመት ክረምት ከሐኪም ቤት ወጥቶ ቤቱ ገባ።

ከዚህ የበለጠ ልቤን የነካው ግን ሁለተኛው ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ባለታሪኳ እንደ እኛ ተማሪ ናት። በ2010 በደቡብ አፍሪካ በደርባን ከተማ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለትምህርቷ ፋጅ ስትፈልግ፥ ከጥራጊ ክምር ውስጥ ከበሰበሰ ደበርጃን ሥር የተጣበቀ ጭቃ ቆንጥራ ወሰደች። ደበርጃን ያ ወይን ጠጅ መልክ ያለው አትክልት ነው። ከጭቃው አንድ ፋጅ አወጣች፤ ስሙንም መዲ፥ ማለትም ጭቃማው አለችው። ፋጁ በአሜሪካ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ግርሃም ሃትፉል ዘንድ፥ ተማሪዎች ካገኟቸው ከ10 ሺህ በላይ ፋጆች ጋር በበረዶ ሣጥን ተቀመጠ። በ2018 በለንደን አንዲት የ15 ዓመት ልጅ፥ ሳንባዋ ተለውጦላት ሳለ የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ የሆነ ባክቴሪያ ሰውነቷን ወረሰው፤ ሐኪሞቿም ተስፋ ቆረጡ። ከዚያ ሁሉ ስብስብ ውስጥ ባክቴሪያውን በደንብ የሚገድሉ ሦስት ብቻ ተገኙ፤ ሁለቱ ዘራቸው በላቦራቶሪ መስተካከል አስፈልጎት ነበር፤ እንደ ተፈጠረ ለሥራ የበቃው የደርባኑ ጭቃማ ነው። ልጅቱ ፈጽማ ነጻች አልተባለም፤ ነገር ግን ቁስሏ እየደረቀ፥ ክብደቷ እየጨመረ ሄደና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ያች ተማሪ ጭቃውን ስትቆነጥር ይህን ታውቅ ነበርን? አታውቅም። ሥራዋን ግን በጥንቃቄ ሠርታ፥ ስም ሰጥታ አስቀመጠች።

ክቡራን ሆይ፥ እስካሁን ያልኩት ሁሉ የዳኑ ሰዎች ወሬ ስለሆነ፥ የ1930ዎቹን ስሕተት እንዳልደግም የሌላውንም ወገን ልናገር። በፈረንሳይና በቤልጅግ በተቃጠሉ ሰዎች ቁስል ላይ በ27 በሽተኞች የተደረገ ሙከራ ነበር፤ ውጤቱም በ2018 ወጣ። በአንድ ሚሊሊትር አንድ ሚሊዮን ፋጅ ይሰጣል ተብሎ ታስቦ ሳለ፥ ፋጁ በማስቀመጫው ውስጥ ደክሞ ለበሽተኞቹ የደረሰው ከ10 እስከ 100 ብቻ ነበር፤ ባክቴሪያውንም የቀነሰው ከተለመደው የቁስል ቅባት ዘግይቶ ነው። በ2016 ደግሞ በባንግላዴሽ በተቅማጥ የታመሙ ሕፃናት ፋጅ ተሰጥቷቸው ምንም የተለየ ጥቅም እንዳልታየ ተጽፏል። በዚህ ላይ ፋጅ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። አንዳንዱ ባክቴሪያውን ሳይገድል ዘሩን ከዘሩ ጋር አዋሕዶ ይቀመጣል፤ እንዲያውም የኮሌራን መርዝ የሚሸከመው ዘር ወደ ባክቴሪያው የገባው በእንዲህ ያለ ፋጅ መሆኑ በ1996 ታውቋል። ስለዚህ ለሕክምና የሚመረጠው፥ ገዳይነቱ የተረጋገጠ፥ ዘሩ የተነበበ፥ ከባክቴሪያው መርዝና ፍርስራሽ የጠራ ፋጅ ብቻ ነው። ከፍሳሽ ቀድቶ መጠጣት ነው ብሎ ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ ቢኖር፥ ኃላፊነቱን አልወስድም።

ባክቴሪያውስ ፋጁን አይለምደውምን ትሉኝ ይሆናል። ይለምደዋል። ግን በ2016 በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የተገለጸ አንድ ብልሃት አለ። ከኩሬ የተገኘ አንድ ፋጅ ባክቴሪያውን የሚይዘው፥ ባክቴሪያው መድኃኒትን ከገላው አውጥቶ በሚተፋበት ቧንቧ በኩል ነው። ባክቴሪያው ከፋጁ ለማምለጥ ቧንቧውን ከለወጠ፥ መድኃኒቱን መትፋት ያቅተውና የቀድሞው መድኃኒት ይገድለዋል። ቧንቧውን ከያዘ ደግሞ ፋጁ ይገድለዋል። እሾህን በእሾህ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ቀደም ሲል ወደ ኋላ እመለስበታለሁ ወዳልኩት ነገር ደረስኩ። ፋጅ መራጭ ነው ብያለሁ። የተለመደውን መድኃኒት ሠርቶ የሚሸጥልን አገር ይኖራል፤ ገንዘብ ካለን እንገዛዋለን። የትብሊሲ ፋጅ ግን የትብሊሲን ባክቴሪያ ያውቅ ይሆናል እንጂ፥ በአጎቴ ቁስል ውስጥ የነበረውን ለማወቁ ዋስትና የለም። ያንን የሚያውቀው ምናልባት ከዚያው ሐኪም ቤት በስተጀርባ በሚወርደው ፍሳሽ ውስጥ ነበር። ማንም አልፈለገውም፤ የሚፈልግበትም ስፍራ አልነበረም። መድኃኒቱ በደጃችን ሊሆን ይችላል፤ ዕውቀቱ ግን ገና በእጃችን አልገባም። በመርከብ ተጭኖ የማይመጣ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የራስን ሕመም ራስ መርምሮ፥ የራስን ባክቴሪያ ለይቶ፥ መዝግቦና አስቀምጦ ማግኘት።

ለዚህ ሥራ ትልቅ ሕንጻ አስቀድሞ አያስፈልግም። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ባክቴሪያ የሚያበቅል ሳህን፥ ማጥለያ፥ የማይጠፋ የበረዶ ሣጥንና ትዕግሥተኛ ተማሪ ነው። ከየሐኪም ቤቱ መድኃኒት ያልበገራቸው ባክቴሪያዎች ተሰብስበው ከነታሪካቸው ይቀመጡ፤ ፋጃቸውም ይፈለግ። ወደ በሽተኛ ለመድረስ ረጅም መንገድ፥ የሐኪሞች ፍርድና የመንግሥት ደንብ ይቀራል። መንገዱ ረጅም መሆኑ ግን ላለመነሣት ምክንያት አይሆንም። እስከዚያውም ድረስ ቢያንስ ያሉንን መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመዋጥ፥ ጀምሮም ከመተው እንቆጠብ፤ ይህኛው ላቦራቶሪ እንኳ አይጠይቅም።

ባለፈው በዓል አገር ቤት ሄጄ አጎቴን አገኘሁት። በምርኩዙ ተደግፎ በደጅ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ እንደ ተረት አድርጌ አጫወትኩት፤ ዝም ብሎ አዳመጠኝና «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ። «ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፥ ጋሼ» አልኩት። ጥቂት አሰበና «እንግዲያስ ለሚመጣው እወቅበት» አለኝ።

እኔም የእርሱን ቃል ከራሴ አሳልፌ ለእናንተ አደራ እላለሁ።